የጣና ነጭ ዓሦች፦ የተፈጥሯዊ ምርጦሽ ታሪክ በአንድ ሐይቅ

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን የስፋቱን ያህል አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። አጥማጆች ከዚህ ውኃ በዋናነት የሚያወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ቆሮሶና አምባዛ በብዙ የአፍሪካ ውኃዎች የታወቁ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚለው የወል ስም ግን ሳይንስ ላቢኦባርበስ ብሎ የሚጠራቸውን 15 ያህል ዝርያዎች በአንድ ላይ ያቅፋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። አመጣጣቸው ሲመረመር፣ ዝግመተ ለውጥ በተጨባጭ ምን እንደሚመስልና ተፈጥሯዊ ምርጦሽ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል።

የሐይቁ አፈጣጠር

ጣና የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። በስተ ደቡብ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ቀዝቅዞ ሲጠጥር የውኃውን መውጫ ገደበው፤ ከኋላው የቀረው ረባዳ ምድርም ከሰሜን መገጭና ድርማ፣ ከምሥራቅ ርብና ጉማራ፣ ከደቡብ ግልገል አባይ በሚያመጡት ውኃ ተሞላ። ሐይቁ ሞልቶ የሚፈስበት ተፈጥሯዊ በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አባይ ነው። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በጢስ አባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል ወጥቶ ጣና መግባት አይችልም። ስለዚህ በታችኛው አባይ የሚኖሩ ብዙ ዝርያዎች፣ ከእነርሱም መካከል የናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በል፣ በጣና ውስጥ የሉም።

የሐይቁን ያለፈ ዘመን በተመለከተ ትልቁ ማስረጃ የተገኘው ከራሱ ከወለሉ ነው። ተመራማሪዎች በወለሉ ላይ የተነባበረውን ደለል በቱቦ ቀድተው አውጥተው መርምረዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከታች ያለው ንብርብር አየር ላይ የደረቀ ጠጣር ጭቃ ነው። ከእርሱ በላይ የረግረግ ተክሎች ብስባሽ፣ ከዚያም በላይ በጥልቅ ውኃ ውስጥ ብቻ የሚጠራቀም ለስላሳ ደለል ይከተላል። የንብርብሮቹ ዕድሜ ሲለካ ጣና ከ18,000 እስከ 16,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደርቆ እንደነበር፣ ቀስ በቀስም ረግረግ ሆኖ ከ15,000 ዓመታት በፊት ገደማ እንደገና ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ እንደጀመረ ታወቀ። ወቅቱ የምድር የበረዶ ዘመን ሊያበቃ የተቃረበበት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ድርቅ የነገሠበት ነበር። የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን አካባቢ ደርቋል።

ሐይቁ በደረቀበት ዘመን ዓሦች ሊኖሩ የሚችሉት ውኃ ባልነጠፈባቸው ወንዞች ብቻ ነበር። ውኃው ሲመለስ ከወንዞቹ የመጡ ዓሦች ሰፊ፣ ምግብ የሞላበትና ተፎካካሪ የሌለበት ሐይቅ አገኙ። ሐይቁ ከነዋሪዎቹ ቁጥር ይልቅ ብዙ ዓይነት የኑሮ መንገድ ነበረው፤ በዳርቻው ቀንድ አውጣና ቅጠላ ቅጠል፣ በጭቃው የነፍሳት እጭ፣ በመካከሉ ጥቃቅን ተንሳፋፊ እንስሳት፣ በየቦታው ደግሞ ትናንሽ ዓሦች ነበሩ።

አጥማጆችና አጥኚዎች

የጣናን ዓሦች ቀድመው የሚያውቋቸው በውኃው የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ወይጦዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ለዘመናት በሐይቁ ዳርቻ ሲያጠምዱና ጉማሬ ሲያድኑ ኖረዋል። ታንኳው ቀላልና በቀላሉ የሚሠራ ቢሆንም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከዳር ብዙ አይርቅም። አጥማጆቹ በመንጠቆ፣ በወጥመድና በብርብራ ፍሬ ዱቄት ይጠቀሙ ነበር፤ ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን አደንዝዞ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። የሚያዘው ዓሣ መጠን ትንሽ ስለነበር የሐይቁ መካከል ሳይነካ ቆየ።

ወደ ጣና ከመጡ የአውሮፓ የተፈጥሮ አጥኚዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ተጉዞ ከሐይቁ የሰበሰባቸውን ዓሦች በተለያዩ የዝርያ ስሞች መዝግቧል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በለንደን የእንግሊዝ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡላንዠ ሌሎች ስሞችን ጨመረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣሊያን የሳይንስ ቡድን ሐይቁን አጥንቶ ስለነበር ጆርጆ ቢኒ እ.ኤ.አ. በ1940 ባወጣው ሥራ ተጨማሪ ዝርያዎችን ገለጸ። ስሙ እየበዛ ሄደ፤ ጥርጣሬም አብሮ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለው እንግሊዛዊ የዓሣ አጥኚ ነጭ ዓሦች የሚመደቡበትን የባርበስ ወገን የምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ ዓሦች መርምሮ፣ ከ50 በላይ የሚሆኑት ስሞች መልኩን የሚለዋውጥ የአንድ ዝርያ ስሞች ናቸው ብሎ በአንድ ጠቀለላቸው። የጣናዎቹም በዚያው ውስጥ ተካተቱ።

ጥያቄው እንደገና የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የኔዘርላንድስ የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በባሕር ዳር ሆነው በሺህ የሚቆጠሩ ነጭ ዓሦችን ለኩ። የራሳቸውን ርዝመት፣ የአፋቸውን ስፋት፣ የዓይናቸውን መጠን፣ የከንፈራቸውን ውፍረት፣ የሰውነታቸውን ቅርጽ እያነጻጸሩ ዓሦቹ ወጥ በሆኑ ቡድኖች እንደሚከፈሉ አሳዩ። መልካቸው ብቻ ሳይሆን ምግባቸውና የሚገኙበት የሐይቁ ክፍልም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የጣና ነጭ ዓሦች የተረሳ የዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ መሆናቸውን አመለከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1997ም ሳይንስ ያልሰየማቸውን በርካታ ዝርያዎች በስም ገለጹ። የሩሲያና የኢትዮጵያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጉዞ አባላትም በተመሳሳይ ዘመን የነዚህን ዓሦች ቅርጽና ክሮሞሶም እያጠኑ ነበር። ከኢትዮጵያውያን አጥኚዎች እሸቴ ደጀን በሐይቁ ትናንሽ ባርበሶች ላይ፣ አበበ ጌታሁንና ዋሴ አንተነህ ደግሞ በዓሦቹ ዝርያና በዕንቁላል መጣያ ጉዟቸው ላይ ሠርተዋል።

አንድ ዘር፣ ብዙ አፍ

ከነጭ ዓሦች መካከል ላቢኦባርበስ ኢንተርሚዲየስ የሚባለው መካከለኛ ቅርጽ ያለው፣ በዳርቻ የሚኖርና ያገኘውን የሚበላ ነው። በሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆችም ይገኛል፤ ስለዚህ ወደ ሐይቁ መጀመሪያ የገባው የወንዝ ዓሣ ይህን ሳይመስል አይቀርም። ሌሎቹ ከዚህ መካከለኛ ቅርጽ በየአቅጣጫው ርቀዋል። ብሬቪሴፋለስ ትንሽ አካል አለው፤ በውኃው መካከል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን ያጣራል። ኔድጂያ ከንፈሩ ወፍራም ሲሆን ከወለሉ ላይ የነፍሳት እጭ ይለቅማል። ጎርጎረንሲስ ቀንድ አውጣና ተክል፣ ሱርኪስ በአብዛኛው የውኃ ተክል ይበላሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርሙት ግን ዓሣ በሎቹ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ስምንት ነው። እነዚህ ዓሦች የሚመደቡበት የካርፕ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች ቢኖሩትም፣ ከዚህ ሁሉ ዓሣ በማደን የሚኖረው እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱ በአካላቸው ይገኛል። የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ የሚያኝኩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ሲሆን የጉሮሮው መተላለፊያም ጠባብ ነው። እውነተኛ ጨጓራም የላቸውም። ስለዚህ የጣና ዓሣ በሎች ያደኑትን ነክሰው መያዝ አይችሉም፤ በፍጥነት ደርሰው በአፋቸው መዋጥ አለባቸው፤ የሚውጡትም በንጽጽር ትናንሽ ዓሦችን ነው። ይህ ሁሉ እያለ አፋቸው ሰፍቷል፣ ራሳቸው ረዝሟል፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቀጠን ብለው እንደ ቀስት ተስበዋል። ዓይናቸው ትልቅ የሆነ አሉ፣ ትንሽ የሆነም አሉ። ዋና ምግባቸው ከሐይቁ ትናንሽ ባርበሶች የሚገኝ ሲሆን ከእነዚህም ታናፔላጊየስ የሚባለው ዝርያ በሳይንስ የተገለጸው ገና እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ምርጦሹ እንዴት ይሠራል

ቻርልስ ዳርዊንና አልፍሬድ ራስል ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1858 ለሕዝብ ያቀረቡት፣ ዳርዊንም በ1859 በመጽሐፍ ያብራራው ሐሳብ በጥቂት እውነታዎች ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ የአንድ ዝርያ አባላት እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ ከአንድ እናት ዕንቁላል የተፈለፈሉ ዓሦች እንኳ በራስ ርዝመትና በአፍ ስፋት ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ ከዚህ ልዩነት ብዙው ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። ሦስተኛ፣ የሚወለደው ከሚያድገው እጅግ ይበልጣል፤ አንዲት ዓሣ በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ብትጥልም ለመራባት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። አራተኛ፣ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ መሆን በዕድል ብቻ የሚወሰን አይደለም። በተወሰነ ስፍራ የተሻለ የሚበላ፣ የተሻለ የሚያመልጥ፣ የተሻለ የሚራባ ዓሣ ብዙ ልጆችን ይተዋል፤ ልጆቹም የእርሱን ባሕርይ ይወርሳሉ። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ያ ባሕርይ በሕዝቡ ውስጥ ይበዛል።

በጣና ይህ ሂደት የተለያየ አቅጣጫ ያዘ። በጭቃው ዳርቻ ሰፊ አፍ ጥቅም አልነበረውም፤ እጭ የሚለቅም ወፍራም ከንፈር ግን ይጠቅም ነበር። በሐይቁ መካከል ትናንሽ ባርበሶችን የሚያሳድድ ዓሣ አፉ በጥቂቱ እንኳ ቢሰፋ ብዙ ይበላል። ማንም ዓሣ በመፈለጉ ወይም በመልመዱ አፉን አላሰፋም፤ አንድ ዓሣ በዕድሜው ዝርያውን አይቀይርም። የሚለወጠው የትውልዱ አማካይ መልክ ነው፤ የሚለወጠውም ከተወለዱት መካከል አንዳንዶቹ ቀርተው ሌሎቹ ስለሚተርፉ ነው።

ምርጦሽ ከባዶ አይጀምርም፤ የሚሠራው በተገኘው አካል ላይ ነው። የጣና ዓሣ በሎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። የናይል ፐርች ወደ ሐይቁ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ጥርስ አልባ መንጋጋ ያላቸው አዳኞች በዚያ ቦታ ለመቆም ዕድል አይኖራቸውም ነበር። ፏፏቴው በሩን በመዝጋቱ የተካነ አዳኝ የሌለበት ሐይቅ ተገኘ፤ በዚያም ለሥራው ምቹ ያልሆነ አካል ያላቸው ዓሦች ሥራውን ያዙት። ጥርስ አላበቀሉም፤ ከአያቶቻቸው የወረሱት አፍ ትውልድ በትውልድ ሰፋ። ማንኛውም የተሟላ ዕቅድ ይህን አፍ ለዓሣ አዳኝ አይመርጥም ነበር። የአካል ጉድለትና የአካል ብቃት ጎን ለጎን መገኘታቸው የትውልድ ሐረግ ምልክት ነው።

የለውጡ ጥሬ ዕቃ በዘረመል ውስጥ ነው። ነጭ ዓሦች በዚህ ረገድም ለየት ያሉ ናቸው፤ እንደ አብዛኞቹ እንስሳት ሁለት እጥፍ የክሮሞሶም ስብስብ በመያዝ ፋንታ ስድስት እጥፍ ይዘዋል፤ ቁጥሩም 150 ገደማ ይደርሳል። የአንድ ዘረመል ብዙ ቅጂዎች ሲኖሩ አንዱ የቀድሞ ሥራውን እየሠራ ሌላው ሊለወጥ ይችላል። ይህም ዓሦቹ በአጭር ጊዜ ብዙ መልክ እንዲይዙ ሳይረዳ አልቀረም ተብሎ ይገመታል።

የዝርያዎች መለያየት

መልክ መለያየቱ ብቻውን አዲስ ዝርያ አያወጣም። ሰፊ አፍ ያለው ከወፍራም ከንፈሩ ጋር በየዓመቱ ቢዳቀል ልዩነቱ መልሶ ይቀላቀላል። የሚያስፈልገው የመራቢያ መለያየት ነው፤ በጣና ይህን የሚፈጽመው በአብዛኛው የክረምቱ ጉዞ ነው። በክረምት ከነጭ ዓሦች መካከል ግማሽ ያህሉ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ፤ ንጹሕና ፈጣን ውኃ በጠጠር ላይ በሚፈስባቸው ጅረቶች ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። በጉማራ የተደረጉ ጥናቶች ዝርያዎቹ በአንድ ጊዜ እንደማይመጡ፣ ወንዙን በተለያዩ ሳምንታት እንደሚወጡ አሳይተዋል። ቀሪዎቹ በሐይቁ ውስጥና በዳርቻው ረግረግ እንደሚራቡ ይታመናል። ጊዜና ቦታ የለያያቸው ዓሦች በአንድ ሐይቅ ቢኖሩም ዘራቸው አይቀላቀልም፤ ምርጦሹ ያመጣው ልዩነትም ይጸናል።

የማስረጃዎቹ መገናኘት

የዝግመተ ለውጥ ማስረጃ ጥንካሬው ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ምስክሮች በአንድ ነጥብ ላይ በመገናኘታቸው ነው። በጣና ቢያንስ አራት አሉ።

የመጀመሪያው የአካል ቅርጽ ነው። 15ቱም ዝርያዎች በመሠረታዊ አወቃቀራቸው አንድ ሆነው በዋናነት በአፍ፣ በራስና በሰውነት ቅርጽና መጠን ይለያያሉ፤ መካከለኛው ቅርጽም አሁን ድረስ አብሯቸው ይኖራል። ሁለተኛው የመልክዓ ምድር ስርጭት ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ የሚገኙት ፏፏቴ በለየው በአንድ ሐይቅና በገባሮቹ ብቻ ሲሆን የቅርብ ዘመዶቻቸው በአቅራቢያው ወንዞች ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው የሐይቁ ደለል ነው፤ ለለውጡ የተገኘውን ጊዜ ይለካል። አራተኛው የዘረመል ምስክርነት ነው። በእናት በኩል ብቻ በሚተላለፈው ዘረመል ላይ የተደረጉ ጥናቶች በጣና ነጭ ዓሦች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ ይህም ከአንድ ምንጭ በቅርብ ዘመን ከተለያዩ ዝርያዎች የሚጠበቅ ነው። በአንጻሩ በሽታ ለመከላከል የሚያገለግሉት ዘረመሎች በዝርያዎቹ መካከል ልዩነት ያሳያሉ፤ ይህም ዘራቸው ተለያይቶ እየሄደ መሆኑን ያመለክታል።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ ይህን ያጠናክራል። ያም ሐይቅ በዚያው የድርቅ ዘመን ደርቆ ከሞላ በኋላ በውስጡ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ከ500 በላይ ዝርያዎች ተገኝተዋል። የሲክሊዶች መንጋጋ ጥርስ ያለው ስለሆነ ለለውጥ የተመቸ ነው፤ የጣና ዓሦች ደግሞ ያለዚህ ዕድል በትንሽ ቁጥር ተመሳሳይ መንገድ ተጉዘዋል። ሁለት የተለያዩ የዓሣ ቤተሰቦች በሁለት ሐይቆች ለተመሳሳይ ሁኔታ ተመሳሳይ ምላሽ መስጠታቸው ሂደቱ የአጋጣሚ ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

መረብ የገባበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድስ ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። ታንኳ የማይደርስበት የሐይቁ መካከል ተከፈተ፤ ዓሣውም እስከ አዲስ አበባ ገበያ መጓዝ ጀመረ። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ፍላጎቱ ይጨምራል። አጥማጆች ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሦች በወንዝ አፎች እንደሚሰበሰቡ ስለሚያውቁ መረባቸውን በዚያ ይዘረጋሉ፤ የሚያዙትም ዕንቁላል የተሸከሙ እናቶች ናቸው። ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ያለውን ሁኔታ አነጻጽረው የነጭ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ዘግበዋል፤ የጫጩቶቹ መቀነስ ከዚህም የባሰ ነበር። ዓሦቹ ዘግይተው የሚጎለምሱና ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ በመሆናቸው የጎደለውን ቶሎ አይተኩም።

መረብም ራሱ መራጭ ነው። ትልልቁን ይዞ ትንሹን ሲያሳልፍ በትንሽነቱ የሚራባው እንዲበዛ ያደርጋል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የኮድ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመዱ ከመከልከሉ በፊት በነበሩት ዓመታት በአነስተኛ ዕድሜና መጠን መራባት መጀመሩ ተመዝግቧል። ተፈጥሮ በሺህ ዓመታት የምትሠራውን ዓይነት ለውጥ ሰው በአሥርት ዓመታት ሊያመጣ ይችላል።

ከመረቡ ሌላ ጉዳዮችም ተደራርበዋል። ለግንባታ የሚዛቀው የወንዝ አሸዋና ጠጠር የዕንቁላል መጣያውን ያጠፋል፤ በገባሮቹ ላይ የሚሠሩ ግድቦች የዓሦቹን መንገድ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ወርሯል። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል፤ ምዝገባው ግን በራሱ የወንዝ አፍ አይጠብቅም።

ከካርፕ ቤተሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተባዛ ሌላ የታወቀ የዝርያዎች ስብስብ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ ነበር። ከውጭ በገቡ ዓሦችና ከልክ ባለፈ ማጥመድ የተነሣ አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2020 መጥፋታቸውን በይፋ አስታውቋል። ከዚህ ዓይነቱ ስብስብ በሕይወት ተሟልቶ የቀረው የጣናው ብቻ ነው። ዕጣው የሚወሰነው ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚወጡት ዓሦች ያለ መረብ እንዲያልፉ በመደረጋቸው ወይም ባለመደረጋቸው ነው።